የኦፕሬቲንግ ሲስተም መሠረት ሲወሳሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሊኑክስ ሰርቨር የምታስተዳድሩ፣ ፕሮግራም የምትጽፉ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ሰዎች ደጋግማችሁ የምታነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። ምሳሌዎቹን በብዛት የወሰድኩት ከሊኑክስ ነው፤ ኮዱም ክርክሩም ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ የተጠራጠረ ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አደጋው የኮዱ መብዛት ነው?

ብዛቱ ብቻ አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ያወጣው የመጀመሪያው የሊኑክስ ከርነል (ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) 10 ሺህ መስመር ገደማ ነበር። ዛሬ 40 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ትልቁ ድርሻ የሃርድዌር ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ እያንዳንዱን መሣሪያ የሚያናግርበት ኮድ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ የሌለ የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር አይጫንም፤ ዲስክ ላይ ተኝቶ ይቀመጣል።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ከፍተኛውን ሥልጣን ይዞ የሚሠራው ኮድ ምን ያህል ነው? ከዚያ ውስጥ ከማንም የመጣ መልእክት ተቀብሎ የሚፈታውስ? አንዱን ስትነኩ ስንት ሌላ ይነቃነቃል? አንድ ሚሊዮን መስመር ያለው፣ ግን እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ድንበር የታጠረ ፕሮግራም፣ ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር ከተጠላለፈበት መቶ ሺህ መስመር ይሻለኛል። ከዚህ በታች ውስብስብነት ስል ይህንን መጠላለፍ ማለቴ ነው።

ሲስተምዲ ምንድን ነው? ለምንስ ይህን ያህል ያከራክራል?

ሊኑክስ ሲነሳ ከርነሉ አንድ ፕሮግራም ብቻ ያስነሳል፤ ፕሮሰስ ቁጥር 1 ይባላል። የቀረውን ሁሉ የሚያስነሳው እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው አነስተኛ ፕሮግራምና ከሥሩ የተደረደሩ የሼል ስክሪፕቶች (ተራ በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች የተጻፉባቸው ፋይሎች) ነበሩ። ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ በ2010 በእነዚህ ምትክ ሲስተምዲን አመጡ። ከሊኑክስ ሥርጭቶች (ከርነሉ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ታሽጎ ከሚቀርብባቸው ዓይነቶች) ፌዶራ በ2011 ተቀበለው፤ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 በ2014፣ ዴቢያንና ኡቡንቱ ደግሞ በ2015 ተከተሉ። ዴቢያን ውስጥ ውሳኔው ከባድ ጠብ አስነስቶ፣ ከቡድኑ የተገነጠሉ ሰዎች ዴቯን የተባለውን ሥርጭት እስከ መፍጠር ደርሰዋል።

ሲስተምዲ የመጣው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ በግልጽ መነገር አለበት። የድሮዎቹ ስክሪፕቶች አንድ ሰርቪስ (ከበስተጀርባ ሳያቋርጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ሞቶ እንደሆነ እንኳ በትክክል አያውቁም ነበር፤ የሚያውቁት በፋይል የተጻፈ የፕሮሰስ ቁጥር ነው፣ ያ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ፕሮግራም ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ሲስተምዲ ሲግሩፕ በተባለው የከርነሉ ፕሮሰሶችን የመቧደኛ ዘዴ አማካይነት የአንድን ሰርቪስ ልጆች በሙሉ አንድ ላይ ይይዛል፤ ሲያቆም ሁሉንም ያቆማል። የወደቀውን መልሶ ያስነሳል። ይህን በሼል ስክሪፕት ለመሥራት የታገለ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ክርክሩ ያለው ከዚያ በኋላ በመጣው ነው። ሎግ መያዝ፣ የተጠቃሚ መግቢያ፣ ኔትወርክ፣ የዲኤንኤስ ፍለጋ፣ የሰዓት ማስተካከያ፣ የተጠቃሚ ቤት ፎልደር፣ እስከ ማስነሻው ድረስ በአንድ ፕሮጀክት ሥር ገቡ። ኮዱም ከሚሊዮን መስመር በላይ ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ይህ ሁሉ ፕሮሰስ ቁጥር 1 ውስጥ አይሠራም። አብዛኛው ለየብቻው የሚሠራ ፕሮግራም ነው፤ ብዙዎቹንም መተው ይቻላል። ሲስተምዲን ስንተች ይህን ዘንግተን ከተነሳን ትችታችን ዋጋ ያጣል።

ፕሮሰስ ቁጥር 1 ላይ ችግር ቢፈጠር ምን ይሆናል?

ሌላ ፕሮግራም ቢወድቅ መልሶ የሚያነሳው አለ። ፕሮሰስ ቁጥር 1 ከሞተ ግን ከርነሉ ራሱ ሥራ ያቆማል፣ ማሽኑም አብሮ ይቆማል። እዚያ ቦታ የሚቀመጥ ኮድ ከሌላው የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው ለዚህ ነው።

ሁለት እውነተኛ ጉዳዮችን እንይ። በ2016 ሴፕቴምበር፣ ምንም ልዩ ሥልጣን የሌለው ተራ ተጠቃሚ በአንድ መስመር ትእዛዝ ሲስተምዲን ሊያደነዝዝ እንደሚችል ታወቀ። ሰርቪሶች “ተነስቻለሁ” ብለው ለሲስተምዲ የሚያሳውቁበት ሶኬት (ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት መስመር) አለ፤ በዚያ ባዶ መልእክት ሲላክ ፕሮሰስ ቁጥር 1 “ይህ ሊሆን አይችልም” በሚል ፍተሻ ላይ ወድቆ ይቆማል። ማሽኑ አይጠፋም፣ ነገር ግን ሰርቪስ ማስነሳትም ማቆምም፣ በወጉ ማጥፋትም አይቻልም። ይህችን ሶኬት ልብ በሏት፤ ከታች ትመለሳለች።

ሁለተኛው በ2021 ጁላይ ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ያወጣው ነው፤ በታወቁ የደኅንነት ቀዳዳዎች መዝገብ ቁጥሩ ሲቪኢ-2021-33910 ነው። በ2015 አንድ ለውጥ ሲደረግ፣ የፎልደር አድራሻ ቅጂ ሂፕ ከተባለው ሰፊ የማህደረ ትውስታ ክፍል ስታክ ወደተባለው ጠባብ ክፍል ተዛወረ። በኮዱ ውስጥ የተቀየረው አንዲት የፋንክሽን ጥሪ ናት፤ አንዲት ፊደል ተጨምራለች ቢባል ይቀላል። ስታክ ግን ወሰን አለው፣ ብዙውን ጊዜ 8 ሜጋባይት ነው። ተራ ተጠቃሚ ከዚያ የሚረዝም አድራሻ ያለው ፋይል ሲስተም ማውንት ካደረገ (ከማሽኑ ጋር ካገናኘ) ሲስተምዲ ይወድቃል፣ ማሽኑም ይከተላል። ስድስት ዓመት ያየው አልነበረም። የሚያሳስበኝ የስህተቱ ዓይነት አይደለም፤ በሲ የሚጽፍ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። የሚያሳስበኝ፣ ተራ ተጠቃሚ እንደ ልቡ የሚያረዝመውን ጽሑፍ የሚያነበው ኮድ፣ ሲወድቅ ማሽኑን በሙሉ ይዞ የሚወድቀው ፕሮግራም ውስጥ መቀመጡ ነው።

የኤክስዜድ ጉዳይ ምን ነበር? ከኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋርስ ምን አገናኘው?

ስለዚህ ርዕስ አንድ ነገር ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ይህን ያንብብ።

ኤክስዜድ ፋይል መጭመቂያ ነው። ሊብኤልዜማ የተባለው ላይብረሪው (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) በየሊኑክስ ማሽኑ ይገኛል። ለዓመታት የተንከባከበው ላሴ ኮሊን የተባለ አንድ ሰው ነበር፤ ያለ ክፍያ፣ በትርፍ ጊዜው። በ2021 “ጂያ ታን” በሚል ስም አንድ ሰው ማስተካከያዎችን መላክ ጀመረ። በ2022 ደግሞ ሌሎች ስሞች ብቅ ብለው ኮሊንን “ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ሰው አስረክብ” እያሉ ይወተውቱት ያዙ። ኮሊን የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበትና ሥራው ክፍያ የሌለው መሆኑን በአደባባይ ነግሯቸው ነበር። ውትወታው ግን ቀጠለ። ቀስ በቀስ ጂያ ታን አብሮ ተንከባካቢ ሆነ፤ አዳዲስ እትሞችንም ራሱ ማውጣት ጀመረ።

በ2024 ፌብሯሪ 24 እትም 5.6.0 ወጣ፣ ማርች 9 ደግሞ 5.6.1። በሁለቱም ውስጥ የጓሮ በር (ድብቅ መግቢያ) ተቀብሮ ነበር። አቀባበሩን ተመልከቱ። ዋናው ክፉ ኮድ፣ ለመጭመቂያው መፈተሻ የተቀመጡ በሚመስሉ የተበላሹ ፋይሎች ውስጥ ተሸሸገ። ያንን የሚያወጣው ስክሪፕት ደግሞ ሁሉም በሚያየው የጊት ማከማቻ (ኮዱ ከነለውጡ የሚቀመጥበት) ውስጥ የለም፤ ያለው ለስርጭት በሚታሸገው ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ያ ስክሪፕት የገባው ሰው አይቶ ሊያነበው በማይደፍረው የግንባታ ስክሪፕት ክምር መሃል ነው። የሚነቃውም ማሽኑ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ሲሆንና ግንባታው ለዴቢያን ወይም ለሬድ ሃት ዓይነት ፓኬጅ ሲሆን ብቻ ነው።

ዒላማው ኤስኤስኤች ሰርቨር ነበር፤ ከርቀት ወደ ማሽን የምንገባበት በር። አጥቂው የያዘው ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው ሰው የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ በማሽኑ ላይ የፈለገውን ማዘዝ ይችላል። የደኅንነት ቀዳዳዎች የክብደት መለኪያ የመጨረሻውን ነጥብ፣ 10 ከ10 ሰጠው።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ኦፕንኤስኤስኤች ሊብኤልዜማን አይጠቀምም። ጸሐፊዎቹ ጨርሶ አልጠሩትም። ታዲያ እንዴት አብሮት ተጫነ? ዴቢያን፣ ፌዶራና ሌሎችም ኤስኤስኤች ሰርቨሩ “ተነስቻለሁ” ብሎ ለሲስተምዲ እንዲያሳውቅ በራሳቸው ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ጨምረው ነበር። ለዚያች አንዲት መልእክት የሲስተምዲን ላይብረሪ ሊብሲስተምዲን አገናኙ። ሊብሲስተምዲ ደግሞ የሎግ ፋይሎችን ለማንበብ የመጭመቂያ ላይብረሪዎች ያስፈልጉታል፤ ሊብኤልዜማ ከእነሱ አንዱ ነው። ለድግስ የጠራችሁት አንድ ሰው የማታውቋቸውን እንግዶች አስከትሎ እንደሚመጣው ማለት ነው። ከላይ ልብ በሏት ያልኳችሁ ሶኬት ይህች ናት።

በዚህ ላይ የሲ ላይብረሪው አንድ ፋንክሽን ከብዙ አማራጮች የትኛው ለፕሮሰሰሩ እንደሚስማማ ለመምረጥ፣ ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር ኮድ እንዲሠራ የሚፈቅድ ዘዴ አለው። ለፍጥነት የተጨመረ ነው። አጥቂው የገባው በዚሁ ነው፤ ኤስኤስኤች ሥራ ሳይጀምር ፊርማ የሚያረጋግጠውን ፋንክሽን በራሱ ለወጠው።

የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ማይክሮሶፍት ውስጥ የሚሠራው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አልሚ አንድሬስ ፍሮይንድ የሌላ ነገር ፍጥነት ሲለካ፣ የኤስኤስኤች መግቢያ ከልማዱ በግማሽ ሰከንድ ገደማ እንደዘገየ አስተዋለ። ብዙዎቻችን ንቀን እናልፈው ነበር። እሱ ተከታተለው፣ ማርች 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። ያኔ ኮዱ የደረሰው በዴቢያን የሙከራ ክፍል፣ በፌዶራ የሙከራ እትሞች፣ በኦፕንሱሴ ተምብልዊድ፣ በካሊና በመሳሰሉት ብቻ ነበር። ኡቡንቱ ለጥንቃቄ የ24.04 ቤታውን በአንድ ሳምንት አዘገየ። ጥቂት ወራት ሳይታወቅ ቢቆይ ኖሮ በየሰርቨሩ ይገባ ነበር።

ታዲያ ጥፋቱ የሲስተምዲ ነው?

አይደለም። ወንጀሉ የአጥቂው ነው። በአንድ የደከመ ሰው ጫንቃ ላይ የተንጠለጠለ ፕሮግራም መኖሩ ደግሞ የሁላችንም ጥፋት ነው፤ በነጻ የወሰድን፣ ያልከፈልን፣ ያላገዝን። ይህ መንገድ ባይኖር አጥቂው ሌላ ይፈልግ ነበር።

ግን መንገዱ ለምን ተገኘ የሚለውን ማለፍ አልችልም። “ተነስቻለሁ” ለማለት ላይብረሪ አያስፈልግም። ስሙ በአንድ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ወደተሰጠ ሶኬት አጭር ጽሑፍ መላክ ነው፤ ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። ይህ በሰነዱ ተጽፎ ነበር፤ ሆኖም ላይብረሪውን ማገናኘት ስለሚቀል ሁሉም ያንን መረጠ። ውስብስብነት የሚያድገው እንዲህ ነው፦ አንድም ሰው “ኤስኤስኤች ውስጥ የፋይል መጭመቂያ እናስገባ” ብሎ አልወሰነም። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ድምሩን ግን የመረጠው የለም።

በኋላ ኦፕንኤስኤስኤች በ2024 ጁላይ በወጣው እትም 9.8 መልእክቷን ያለ ላይብረሪው ራሱ መላክ ጀመረ። ሲስተምዲም የመጭመቂያ ላይብረሪዎችን የሚጭነው ሲያስፈልጉት ብቻ እንዲሆን አድርጓል፤ ይህን ለውጥ የጀመሩት ጉዳዩ ከመጋለጡ በፊት መሆኑን መመስከር ተገቢ ነው።

ኮዱ ክፍት ከሆነና ብዙ ሰው ካየው ስህተቱ ይገኛል አይባልም?

ይባላል። የሚታይ መሆኑና የታየ መሆኑ ግን ይለያያሉ። ባሽ በተባለው የትእዛዝ መቀበያ ፕሮግራም ውስጥ በ2014 የተገኘው ሼልሾክ እዚያ የነበረው ከ1989 ጀምሮ ነው። በ2022 ጃንዋሪ የተጋለጠው የፒኬኤግዜክ ቀዳዳ ከ2009 ጀምሮ፣ በ2021 የተገኘው የሱዶ ቀዳዳ ከ2011 ጀምሮ (ሁለቱም ተጠቃሚ በሌላ ሰው ሥልጣን ፕሮግራም የሚያስነሳባቸው ናቸው)፣ በ2016 የታወቀው ደርቲ ካው የተባለው የከርነሉ ቀዳዳ ከ2007 ጀምሮ ነበሩ።

ከእነዚህ ፒኬኤግዜክ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ምክንያቱም ትንሽ ፕሮግራም ነው። ስህተቱ የመጣው አንድ ፕሮግራም ያለ ምንም አርጉመንት (ሲነሳ የሚሰጠው መረጃ)፣ ስሙ እንኳ ሳይሰጠው ሊነሳ እንደሚችል ጸሐፊው ባለማሰቡ ነው። ከርነሉ ይህን ይፈቅድ ነበር፤ ፕሮግራሙ ደግሞ አይፈቀድም ብሎ ገምቷል። በሁለት ክፍሎች መሃል ያለን ያልተጻፈ ስምምነት፣ አንዱን ክፍል ብቻ በማንበብ ማየት አይቻልም። ትንሽነት ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይሆንም።

ይህ የሊኑክስ ብቻ ችግር ነው?

አይደለም። በ2024 ጁላይ 19 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት የላከው ዝማኔ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ፤ አውሮፕላን ማረፊያዎችና ሆስፒታሎች ሥራ ፈቱ። የተላከው አዲስ ፕሮግራም እንኳ አልነበረም፣ የመረጃ ፋይል ነው። የመረጃው ቅርጽ መግለጫ 21 የመረጃ መስኮች ሲጠብቅ ኮዱ የሚሰጠው 20 ነበር፤ ሃያ አንደኛውን ሲፈልግ የማይገባው ቦታ አነበበ። ያ ንባብ በተራ ፕሮግራም ውስጥ ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ብቻ ይዘጋ ነበር፤ ከርነል ውስጥ ስለነበረ ግን ማሽኑ ሰማያዊውን የስህተት ገጽ አሳይቶ ቆመ። አፕል ከ2019 ጀምሮ የሌሎች ድርጅቶችን ኮድ ከከርነሉ ወደ ውጭ እያስወጣ መሆኑ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከርነሉን ትንሽ ማድረግ አይሻልም?

ክርክሩ ያረጀ ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰሩ አንድሩ ታነንባም በ1992 በቶርቫልድስ ላይ ያነሳው ይህንኑ ነው። ማይክሮከርነል የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ድራይቨሩንና ፋይል ሲስተሙን ወደ ውጭ ያወጣል። ኤስኢኤል4 የተባለው እንዲህ ያለ ከርነል በ2009 ኮዱ ከዝርዝር መግለጫው ጋር እንደሚስማማ በሒሳብ ተረጋገጠ። የሲ ኮዱ 8,700 መስመር ገደማ ሲሆን ማረጋገጫው ግን 200 ሺህ መስመር ገደማ ወስዷል። ይህ ልዩነት ለ40 ሚሊዮን መስመር ምን ሊጠይቅ እንደሚችል አስቡት።

በርግጥ ወደ ውጭ የወጣው ሥራ አይጠፋም፤ ፋይል ሲስተም የትም ቢቀመጥ ፋይል ሲስተም ነው። ጥቅሙ፣ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ አለመውደቁ ነው።

ረስት ቋንቋ መፍትሔ አይሆንም?

ለአንድ ትልቅ ክፍል ይሆናል። በማህደረ ትውስታ አጠቃቀም ላይ የሚሠሩ ስህተቶችን በብዛት ያስቀራል፤ በ2022 ዲሴምበር በወጣው ከርነል 6.1 ውስጥ መግባቱ በጎ እርምጃ ነው። ኤክስዜድን ግን አያስቆመውም ነበር። እዚያ የተሰበረው እምነት እንጂ ማህደረ ትውስታ አልነበረም።

ያለ ሲስተምዲ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። አልፓይን፣ ቮይድ፣ ስላክዌር፣ ዴቯን የተባሉ ሥርጭቶች አሉ፤ ጄንቱም ምርጫ ይሰጣል። አልፓይንን በዶከር ውስጥ ሳታውቁት ተጠቅማችሁ ይሆናል። ለአንዲት ጠባብ ሥራ ለቆመች ሰርቨር ጥሩ ምርጫ ነው። ነገር ግን አብረዋችሁ የሚሠሩት ሁሉ የሚያውቁት ሲስተምዲን ከሆነ፣ ሌሊት ችግር ሲመጣ እናንተ ብቻ የምታውቁት ሥርዓት መኖሩም አደጋ ነው። እኔ በአብዛኛው ዴቢያንን ከነሲስተምዲው እመርጣለሁ፤ የማልጠቀምባቸውን ክፍሎቹን ግን አጠፋለሁ።

ሰርቨር የማስተዳድር ሰው ነኝ። ምን ላድርግ?

ከውጭ ግንኙነት የሚቀበሉትን ፕሮግራሞች በሙሉ አውጡና እያንዳንዱ ለምን እንዳለ ጠይቁ። መልስ ያጣችሁለትን አጥፉ። የቀሩት ደግሞ የትኞቹን ላይብረሪዎች እንደሚጭኑ ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ሲታይ ዝርዝሩ ያስገርማል።

ሲስተምዲ ካላችሁ መልካሙን ጎኑን ተጠቀሙበት። አንድ ሰርቪስ የሲስተም ፎልደሮችን እንዳይጽፍ፣ የተጠቃሚዎችን ቤት እንዳያይ፣ የማያስፈልገውን ሥልጣን እንዳይዝ ማጠር ይቻላል። “ሲስተምዲ-አናላይዝ ሴኩሪቲ” የሚለው ትእዛዝ የትኛው ሰርቪስ ምን ያህል እንደተጋለጠ ደረጃ ሰጥቶ ያሳያችኋል።

ለሥራ የሚውል ማሽን ላይ የሙከራ እትም አትጫኑ። ዝማኔን በሁሉም ማሽን ላይ በአንድ ጊዜ አታውርዱ፤ መጀመሪያ አንዱ ላይ፣ ከዚያ የቀሩት ላይ። ይህን ሲሰሙ ዝማኔን ጨርሶ የሚተዉ ሰዎች አሉ። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ወይም ወጪው እየከበደ ለወራት የሚያቆዩም ሀገር ቤት አሉ፤ ለእነሱ አንድ ማሽን አውርዶ ለሌሎቹ የሚያድልበት ማከማቻ ማዘጋጀት ወጪውን በብዙ ይቀንሳል። የታወቀ ቀዳዳ ያለው ሰርቨር ከማንኛውም ውስብስብነት ይልቅ አስጊ ነው። ሴንትኦኤስ 7 የተባለው ሥርጭት ድጋፉ በ2024 ጁን 30 አብቅቷል፤ እስካሁን እሱ ላይ ያላችሁ ከዚህ ገጽ ሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ቀይሩ።

ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ። አዲስ ላይብረሪ ከማገናኘቴ በፊት ምን ልጠይቅ?

ከላይብረሪው የምትፈልጉት ስንት ፋንክሽን ነው? አንድ ከሆነ፣ ራሳችሁ ብትጽፉት ምን ያህል ይፈጃል? ላይብረሪው በተራው ምን ያስከትላል? ማን ይንከባከበዋል፣ ብቻውን ነው? ፕሮግራማችሁ በሩት (በከፍተኛው) ሥልጣን የሚሠራ ከሆነ እነዚህን በጽሑፍ መልሷቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቦታችሁን የሚረከበው ሰው ያ ላይብረሪ ለምን እንደገባ ማወቅ ይኖርበታል። ምስጠራን ግን ከዚህ ለይታችሁ እዩ፤ እሱን ራሳችሁ አትጻፉት፣ በደንብ የተፈተሸውን ተጠቀሙ። የምትተማመኑበት ፕሮግራም በአንድ ሰው የሚጠበቅ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ጻፉለት፣ የተላኩለትን ማስተካከያዎች በማንበብ አግዙት፤ መሥሪያ ቤታችሁ መክፈል ከቻለ እንዲከፍል ጠይቁ።